የሊሮይ ታብ ሸክላ

መርማሪ ፖሊሱ ዮፍታሄ ፍሬው የዘፈን ሸክላ መሸጫው ጋ ሲደርስ መሽቶ ነበር። የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ላይ ቦታ ፍለጋ ዞሮ ዞሮ ሲያቅተው መኪና ማቆም በተከለከለበት ቀይ መስመር ላይ ፓርክ አድርጎ ወረደ። በሩን የያዙት ፖሊሶች ቢጫውን ጥብጣብ ከፍ አድርገው አሳለፉት።

ባለቤቱ ጋሼ ሀብተሥላሴ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል በጎናቸው ወድቀው ሞተዋል። ራስጌያቸው ባለው መደርደሪያ የብረት ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። መነጽራቸው እንኳ ከፊታቸው አልወለቀም። ወለሉ ላይ የጥቁር ሸክላ ስብርባሪ ተበትኗል።

ዮፍታሄ ሰውየውን ያውቃቸዋል። በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጎረቤቱ ምግብና ቅመም ሲሸጥ እሳቸው የሚሸጡት የአሜሪካን አሮጌ ሸክላ ነበር፤ ያውም የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የተቀረጸውን፣ የጥቁሮቹን ብሉዝና ካንትሪ የሚባለውን የነጮቹን የገጠር ዘፈን። ከቴክሳስም ከጃፓንም የሚመጣ ደንበኛ ነበራቸው። መንገደኛውን በክንዱ ይዘው «ግባ፣ ይቺን ሳትሰማ አትሄድም» የሚሉ፣ ኩሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ዮፍታሄንም አስገብተው አሰምተውታል። ለእሱ ግን ዘፈኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነውበት፣ ደስ እንዳለው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ነበር የወጣው።

የገንዘብ መሳቢያው አልተነካም። የኋላው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ የፊቱ ክፍት ነበር። ማጫወቻው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ባዶ የወረቀት ማቀፊያ ተቀምጧል፤ በጋሼ የእጅ ጽሑፍ «ክላይድ ሆፐር» ይላል። ዮፍታሄ ጓንት አጥልቆ ከስብርባሪው መሃል ክቡን ወረቀት የያዘውን ቁራጭ አነሳ። በደበዘዘ ወርቃማ ፊደል የታተመበት ስም «ሊሮይ ታብ» ነው።

ባዶው ማቀፊያ የአንዱ፣ የተሰበረው ሸክላ የሌላው። የክላይድ ሆፐር ሸክላ በሱቁ ውስጥ ቢፈለግ ታጣ። አንዱን ሰብሮ ሌላውን ይዞ የሚሄድ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ሬሳውን ያገኙት አጠገባቸው የሐበሻ ልብስ የሚሸጡት እትዬ ሣህሊቱ ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«መብራታቸውን ሳያበሩ ሲቀሩ ጊዜ ገባሁ» አሉ። «ጋሼ፣ ጋሼ ብል ማን ይመልስ!»

«ቀደም ብሎ የሰሙት ነገር አለ፣ እትዬ?»

«ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉን እሰማለሁ። ከምሳ በኋላ ነው፣ አንዱን ዘፈን ሁለቴ አጫወቱት። መጀመሪያ ዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር እየተንጫጫ፣ ቀጥሎ ጥርት ብሎ። ከዚያ ጩኸት መጣ። ‹ልቀቅ! ልቀቅ አልኩህ!› ሲሉ ሰማኋቸው።»

«በአማርኛ?»

«በምን ሊሆን ኖሯል?»

«ሌላኛው ሰው ምን አለ?»

«እሱን አልለየሁትም። አንዲት ሙሽራ ቀሚስ እየለካሁ ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ። ሁልጊዜም ስለ ሸክላ ይጨቃጨቁ ስለነበር ነገሬም አላልኩት። ምነው ያኔ ብገባ!» እንባቸውን ጠረጉ። «ወንድይፍራውን ግን አይቼዋለሁ። የእህታቸውን ልጅ። ካርቶን ጭኖ በጋሼ መኪና ሲወጣ።»

«ከጩኸቱ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት መሰለኝ። እንጃ ልጄ፣ አሁን ሁሉም ተደበላልቆብኛል።»

ዮፍታሄ በልቡ አንዲት ቃል ይዞ ወጣ። ሰው «ልቀቅ» የሚለው አማርኛ ለሚሰማ ሰው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፓልምስ የምትኖረውን የሟቹን ልጅ ኤልዳናን ሊያነጋግር ሄደ። ሚድ ሲቲ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። የሥራ ልብሷን ለብሳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ለሥራ ልትወጣ ስትል ዛሬ ሥራ እንደማትሄድ ትዝ ያላት ይመስላል።

«ትናንት እኩለ ቀን ላይ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «እየጮኸ። ‹ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፣ ኤልዱ! ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው!› ይላል። እኔ ደግሞ ምሳ እያበላሁ ነው። ኦኬ አባዬ፣ በኋላ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁበት።» ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች። «ዘጋሁበት እኮ።»

ዮፍታሄ ውሃ ቀድቶ አመጣላትና እስክትረጋጋ ጠበቀ።

«ማንና ማን ናቸው አንድ ሰው?»

«አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር፣ አልገባኝ አለ።»

«ሊሮይ ታብ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?»

ቀና አለች። «የሚስ ሮዛሊ አባት ነው። የማስታምማት አሮጊት ናት፤ ዘጠና ሊሞላት ነው። አባቷ ጊታር ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ሆቴል ክፍል ውስጥ ሸክላ አስቀርጾ ነበር አሉ፤ ከዚያ ጣውላ መሰንጠቂያ ሲሠራ ሞተ። እሷ ያኔ ሕፃን ነበረች። ሸክላውን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ይህን ለአባዬ ብነግረው እንቅልፍ አጣ። ስንት ጊዜ ሲያፈላልግ ኖሮ በቀደም በፖስታ መጣለት። ጉድ፣ ተጭሯል ግን ይሰማል አለኝ። እሁድ ወስዶ ሊያሰማት ነበር።»

ዮፍታሄ ወለሉ ላይ የተበተነውን ስብርባሪ አስታወሰ። አልነገራትም።

«ክላይድ ሆፐርስ?»

«እሱ ነጭ ነው፣ የካንትሪ ዘፋኝ። ከእሱ ሸክላ በዓለም ላይ የሚታወቀው የአባዬ ብቻ ነው። ሚስተር ዴል፣ ቶራንስ የሚኖረው ጓደኛው፣ እሁድ እሁድ እየመጣ እሱን ይሰማ ነበር። ካልሸጥክልኝ እያለ ይለምነዋል፤ አባዬ ደግሞ ‹ብሸጥልህ ትቀርብኛለህ፣ እዚሁ መጥተህ ስማ› ይለዋል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲከራከሩ ኖሩ።»

«ወንድይፍራውስ ከአባትሽ ጋር እንዴት ነው?»

ኤልዳና ዓይን ዓይኑን አየችው። «ይቆጣዋል። ግን እንደ ልጁ ነው የያዘው። ጋሽ ዮፍታሄ፣ እሱን እንዳታስበው።»

ወንድይፍራው በዲቪ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ነው። አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ይሠራል። ጣቢያ አምጥተው ዮፍታሄ ፊት አስቀመጡት።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪመሽ። ከዚያ ተደወለልኝ።»

«አለቃህ ከምሳ በኋላ አላየሁትም ብሏል።»

ወጣቱ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

«እትዬ ሣህሊቱ ካርቶን ይዘህ በጋሼ መኪና ስትወጣ አይተውሃል።»

«ተሳስተው ነው።»

«ስልክህ ቶራንስ እንደነበርክ ያሳያል።»

«ስልኬን ለጓደኛዬ አውሼው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ሁለቱም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ።

አሻራ እንደሆነ ምንም አልፈየደም። የወንድይፍራውም፣ የኤልዳናም፣ የፈረንጁ ጓደኛቸውም አሻራ በየመደርደሪያው ሞልቷል። ሁሉም የቤቱ ሰው ነበሩ።

ዮፍታሄ ከሰዓቱን ወደ ቶራንስ ነዳ። ጋሼ እኩለ ቀን ላይ ከልጃቸው ቀጥለው የደወሉት ወደ ዴል ክሬን የቤት ስልክ ነበር።

ዴል ክሬን ከነዳጅ ማጣሪያ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ወፍራም፣ ቀይ፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ ሽማግሌ በሩን ከፈተ። ሳሎኑ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። ሁሉም በማቀፊያው ውስጥ፣ በዘፋኝ ስም፣ በፊደል ተራ ተደርድሯል። ብሉዙ በግራ፣ ካንትሪው በቀኝ።

«ለምን ለያዩዋቸው?» አለ ዮፍታሄ ጨዋታ ለመጀመር ያህል።

«እኔ አልለየኋቸውም፤ የዘመኑ ኩባንያዎች ናቸው» አለ ዴል። «ለጥቁሩ ገበያ ሌላ ካታሎግ፣ ለነጩ ገበያ ሌላ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማይክ፣ በአንድ ቀን ይቀርጿቸውና ሲሸጧቸው ይለያዩአቸዋል።» አፍንጫውን ጠረገ። «ሀብተ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። ለእሱ ሁሉም አንድ መደርደሪያ ነው።»

«ትናንት ለምን ደወሉልዎ?»

«የገዛሁት ካርቶን እየመጣልህ ነው ሊለኝ ነው። ርካሽ ሸክላዎች ናቸው።»

«ከዚያ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የትም አልወጣሁም። የእህቱ ልጅ ካርቶኑን አምጥቶ ራሴ ከእጁ ተቀበልኩት። ጠይቁት።» ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ካርቶን ጠቆመ። «ደግ ልጅ ነው። ፖሊስ ይዞታል ሲባል ሰማሁ፤ እሱ አይደለም። በዚያ ሰዓት እኔ ጋ ነበር።»

ዮፍታሄ ካርቶኑን አየ። የታሸገበት የሱቁ ቴፕ አልተቆረጠም። ግድግዳው ላይ ጊታር የታቀፈ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው አሮጌ ፎቶ ተሰቅሏል። የዴልም ሞባይል በዚያ ቀን ሙሉ ከቶራንስ እንዳልወጣ መዝገቡ ያሳያል። ምን ቀረ? አመስግኖ ወጣ።

ፍሪዌዩ ተዘግቶ ነበር። መኪኖቹ መሃል ቆሞ ነገሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አገላበጠው። አንድ ሰው ለወጣቱ መስክሮ ከጥርጣሬ እያወጣው ነው። ወጣቱ ደግሞ እዚያ ደርሼ አላውቅም ብሎ ይምላል። ጥፋተኛ ባልነበረበት ቦታ ነበርኩ ብሎ ሲዋሽ ብዙ አይቷል፤ ነፃ በሚያወጣው ቦታ አልነበርኩም ብሎ የሚዋሽ ግን በሥራ ዘመኑ ገጥሞት አያውቅም። የሞቱት ሰውዬስ «ሁለቱ አንድ ናቸው» ያሉት ማንን ነው? ዘፈኑ ለምን ሁለቴ ተጫወተ? እያንዳንዱ ሰው የነገረው ለየብቻው ልክ ነው። አንድ ላይ ሲያደርጋቸው ግን አንዱም ከአንዱ አልገጥም አለው። ከኋላው ክላክስ ሲያምባርቅ ነው መንገዱ መከፈቱን ያየው።

ጣቢያ እንደገባ ወንድይፍራውን አስጠራው። በዚህ ጊዜ ደብተርም መቅረጫም አላወጣም። ሻይ አቀረበለትና ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስማኝ ወንድሜ። ሚስተር ዴል ካርቶኑን ከእጅህ ተቀብያለሁ አለኝ። አንድ ሰው ሊያወጣህ እጁን ሲዘረጋልህ አንተ ለምን ትገፋዋለህ?»

ወንድይፍራው ብድግ ሊል ቃጣው። «ከእጄ? ከየትኛው እጄ?» አለ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

ዮፍታሄ ሻዩን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት።

«ኦኬ» አለ ወጣቱ በመጨረሻ። «ሄጃለሁ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ያለኝ የመለማመጃ ፐርሚት ብቻ ነው፣ ብቻዬን መንዳት አልችልም። ከሥራም ሳላስፈቅድ ነው የወጣሁት። ጋሼ አድርስልኝ ሲሉኝ እንቢ ማለት አቃተኝ። ፖሊስ ከያዘኝ ወረቀቴን ይቀሙኛል፣ ወደ አገርህ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«በፐርሚት በመንዳት ማንም ወደ አገር ቤት አይመልስህም። ቶራንስ ስትደርስ ምን ሆነ?»

«ሰውየው የለም። ደወልኩ፣ አንኳኳሁ፤ ማንም የለም። መኪናውም የለም። ብዙ ጠበቅሁና ደጃፉ ላይ ትቼው መጣሁ። አላደረስክም ብለው ጋሼ እንዳይቆጡኝ ፎቶ አነሳሁት።»

ፎቶው ስልኩ ውስጥ አለ። ካርቶኑ ደረጃው ላይ፣ በሩ ዝግ፣ የዴል መኪና መቆሚያ ባዶ። የተነሳው እትዬ ሣህሊቱ ጩኸቱን በሰሙበት ሰዓት ገደማ ነው።

ዮፍታሄ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ሽማግሌው ለወጣቱ መሰከረለት ብሎ ነበር። ለካ ያን ጊዜ ለራሱ ምስክር እያበጀ ነው። ሲመለስ ካርቶኑን ደጃፉ ላይ አገኘው፤ ማን እንዳመጣውም ያውቃል፤ የቀረውን ጨመረበት። ሞባይሉን ቤት ትቶት መሄዱ ግን ተንኮል ላይሆን ይችላል። የሚጓጓለት ነገር የጠራው ሰው ስልኩን ይረሳል።

የብርበራ ፈቃዱ ወጥቶ ዴል ክሬን ቤት ሲገቡ ሽማግሌው አልተከራከረም። መብቱ ሲነበብለት እንኳ የሚያየው መደርደሪያውን ነበር። ፖሊሶቹ በቀኝ በኩል ያለውን የካንትሪ ረድፍ አንድ በአንድ አወጡ። በኤች ፊደል ክላይድ ሆፐር የለም። በሲ ፊደልም ፈለጉ፤ የለም። አልጋ ሥር፣ ጋራዥ፣ ጣሪያው ሥር ሁሉ ተፈለገ።

«ሰብሮ ጥሎት ይሆናል» አለ አንዱ ፖሊስ።

ዮፍታሄ መሃል ሳሎን ቆመ። ይህ ሰው ሸክላ ሰብሮ ይጥላል ብሎ ማመን አቃተው። እንዲህ አድርጎ የደረደረ ሰው አንዲት ነገር ያለ ቦታዋ አያስቀምጥም። ቦታዋ ካንትሪው ካልሆነ…

«ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ፖሊሶቹ ዘወር ብለው አዩት።

ወደ ግራ፣ ወደ ብሉዙ ረድፍ ሄደ። ቲ ፊደል። አዲስ ማቀፊያ የለበሰ፣ በእርሳስ «ታብ፣ ሊሮይ» የተጻፈበት አንድ ሸክላ ነበር። አወጣው። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ግን «ክላይድ ሆፐር» ይላል። ከወረቀቱ ጠርዝ አልፎ ጥቁሩ ላይ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቀረጻ ለይቶ የሚመታው ቁጥር አለ። ዮፍታሄ ስልኩን አውጥቶ ከስብርባሪው ፎቶ ጋር አስተያየው። አንድ ቁጥር ነው። አንድ ዘፈን፣ አንድ ድምፅ፤ ለጥቁሩ ገበያ በአንድ ስም፣ ለነጩ በሌላ ስም የተሸጠ።

ዴል ክሬን ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«የእናቴ አባት ነው፣ ክላይድ» አለ። «ፎቶው እሱ ነው። ሳልወለድ ነው የሞተው። የቤታችን ሸክላ ልጅ ሳለሁ ተሰበረና ለዓመታት ስፈልገው ኖሬ ሀብተ ጋ አገኘሁት። ሃያ ዓመት እሁድ እሁድ አያቴን ልሰማ ሄድኩ።» ወደ ፎቶው ዞረ። «ሀብተ ግን አያቴ መሆኑን አያውቅም ነበር። እንዳያሾፍብኝ ብዬ ነግሬው አላውቅም። በዚያ ቀን ደውሎ ‹ጉድ አገኘሁ፣ ና ስማ› አለኝ። ተበላሽቶ የሚንጫጫውን አጫወተ፤ ቀጥሎ የእኔን። እየሳቀ ነበር። የአያቴ ነው የምለው ድምፅ የጥቁሩ ሰው እንደሆነ፣ ኩባንያው የክላይድን ስም ለጥፎ እንደሸጠው በደስታ እየዘለለ ነገረኝ። የሚነግረው ለማን እንደሆነ አላወቀም።»

«ከዚያስ?»

«አቁም አልኩት። ድጋሚ ሊያጫውት ሲል ሸክላውን ያዝኩ። እሱም ያዘ። በቋንቋው ጮኸብኝ። ቃሉን አልሰማሁም፤ ምን እያለ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። መሃላችን ላይ ተሰበረ፤ ገፋሁት።» ሁለት እጆቹን አየ። «ሲወድቅ የመደርደሪያውን ድምፅ ሰማሁ። አምቡላንስ መጥራት ነበረብኝ። ሌላውን ሸክላ ይዤ ሮጥኩ። ሌላ ሰው እንዳይሰማው።»

«ታዲያ ለምን ታብ ብለው አስቀመጡት?»

«ሌሊቱን ሙሉ አዳመጥኩት። የአያቴ አይደለም» አለ ሽማግሌው። «የእሱ ቦታ ላስቀምጠው ብሞክር እጄ እንቢ አለኝ።»

ሸክላው ማስረጃ ሆኖ በጣቢያው ተቆለፈበት። ባለሙያዎቹ ግን ድምፁን ገልብጠው ሰጡት፤ ዮፍታሄም ፈቃድ ጠይቆ በስልኩ ይዞት እሁድ ቀን ሚድ ሲቲ ሄደ። ኤልዳና ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«እኔ አልሰማም» አለችው ገና ሳይገቡ። «አባዬን የወሰደብኝ ዘፈን ነው። አንተ አሰማት፤ እኔ እዚህ እቆማለሁ።»

ሚስ ሮዛሊ መስኮቱ ሥር ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ናት። እጇ እንደ ደረቀ ቅጠል የቀለለ፣ ዓይኗ ግን ንቁ። ዮፍታሄ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጎ ከፈተው።

ጊታሩ ቀደመ። ቀጥሎ የአንድ ወጣት ሰው ቀጭን፣ የማይቸኩል ድምፅ፣ ከሥሩ ደግሞ ወለል የሚመታ እግር። ዮፍታሄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሎቹ ዘፈኖች ለየው። አሮጊቷ አልተንቀሳቀሰችም። ሲያልቅ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባትዎ ናቸው?» አለ፤ ወዲያው በጥያቄው አፈረ።

«እንጃ ልጄ» አለች። «ድምፁን አላስታውሰውም። ሕፃን ነበርኩ እኮ።» አውራ ጣቷን የስልኩ መስታወት ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች። «ሲዘፍን እስትንፋሱን የሚወስድበት ቦታ ግን እኔም የምወስድበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስዘምር ሁሌ ተሳስተሻል ይሉኝ ነበር።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ያ ሰውዬ፣ አያቴ ነው ብሎ ሲሰማ የኖረው፤ አሁን የሚሰማው ምን ቀረለት?»

በሩ ላይ የቆመችው ኤልዳና ናት የመለሰችው።

«ምንም» አለች። «ምንም አልቀረለትም።»

ጥያቄው ለእሷም የተጠየቀ መሰላት፤ አባቷ እየጮኹ ሊነግሯት የደወሉት ስለዚህ ዘፈን ነበር። ከዚያ ገብታ ከአሮጊቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እጇን ወደ ስልኩ ዘርግታ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስጀመረችው።